ወደ ጸበል ያዘልኳት እህቴ

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቀበና ባለው የቤተሰብ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ አስተምሬ እመለሳለሁ፣ እሷ ሬዲዮዋን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ቢላዋ ስታነሳ እነጥቃታለሁ፤ እጇ ዘገምተኛ ስለሆነ አንድ ሽንኩርት እስክትልጥ ትዕግሥቴ ያልቃል።

"ተይው፣ አንቺ ቁጭ በይ" እላታለሁ።

"ቁጭ ብዬ አይደል እንዴ ያለሁት?" ትለኛለች።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ሲነጋጋ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንወጣለን። ኮንትራት ታክሲው የመኪናው መንገድ ያለቀበት ያወርደናል። ከዚያ በታች ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ዊልቸሩ አይሄድም፤ አዝላታለሁ። እሷ እንደ ድሮዋ ቀላል አይደለችም፣ የእኔም ወገብ እንደ ድሮው አይደለም። ደግሞ ዝም ብላ አትታዘልም። "በግራ በኩል ሂጂ፣ ያኛው ድንጋይ ያንሸራትታል" እያለች ጀርባዬ ላይ ሆና ትነዳኛለች። ስንት ጊዜ "ዛሬስ ይቅርብን" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የእግሯ ነገር ነዋ! ተስፋዋን እንዴት ልቁረጥባት? እናም ሰኞ ሰኞ ወገቤን በሻርፕ ጠፍሬ ሥራ እየገባሁ፣ ስድስት ዓመት እንደዚሁ አለፈ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቁልቁለቱ መሃል ወገቤን ያዘኝ። እንደምንም ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተዘረፈጥኩ። ከጸበል የሚመለሱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ እግርሽ ለውጥ አለው?" ብለው ጠየቋት።

"የእግሬን ነገርማ ከተውኩት ቆየሁ፣ እማማ" አለች እህቴ። "እኔ የምመጣው ለእሷ ወገብ ነው። ይኸው ስትሰቃይ ያዩዋታል።"

ደሜ ፈላ።

"ለእኔ ወገብ? ወገቤን የሰበረው ምን ሆነና! አንቺን ወደዚህ ማዘል አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም።

"እሺ፣ ሌላ ምን ላድርግልሽ?" አለች እህቴ፤ አሁን እሷም ተቆጥታለች። "ሽንኩርት እንኳ አታስነኪኝም። ከጸሎት ሌላ ምን ተውሽልኝ?"

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ የምለፋ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ። አፍሬም ግን ንዴቴ አልበረደልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት ዋልን። ሽንኩርቱን፣ መክተፊያውንና ቢላዋውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና ጋደም አልኩ። ትከትፋለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትከትፋለች። ተነስቼ ልነጥቃት ስንት ጊዜ ቃጣኝ። ምሳ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ እንደ ድንች ተቆራርጦ ወጡ ላይ ይንሳፈፋል።

"ትልልቅ አደረግሽው" አልኳት።

"ብይና ዝም በይ" አለችኝ።

በላሁ።