ረዥሙ አውሮፕላን ሲንቀጠቀጥ

ባለቤቴ በወጣትነቱ ባለ ሁለት ሞተር የፕሮፔለር አውሮፕላን ከሚሠሩ መሐንዲሶች አንዱ ነበር። መጀመሪያ አጭሩን ሠሩ። ገዢ ሲገኝ ርዝመቱን ጨምረው ረዥሙን አወጡ። ከሁለቱም የሚበልጠውን ሦስተኛውን ግን ሳይጨርሱት ኩባንያው ተዘጋ። እሱም ሥራ ቀየረ፤ ወሬውን ግን አልቀየረም።

ፍራንክፈርት ያለ አበሻ ሁሉ ያንን ወሬ ሰምቷል። ክርስትናም ሆነ ሰርግ፣ እንግዳ ተቀመጠ ማለት ወሬው ተጀመረ ማለት ነው። ረዥሙ ለሙከራ ሲበር እሱ ከኋላ ተቀምጦ መለኪያ ያያል። ፕሮፔለሮቹ አንድ ፍጥነት ላይ ሲደርሱ ጭራው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሻዩ ከኩባያው ይፈሳል፤ ለፍላፊው ፓይለት ጭጭ ይላል። እንደምንም አረፉ። ከዚያ በኋላ ጭራውን አጠናከሩት፣ ያ ፍጥነትም ተከለከለ። እንግዳው ሁሉ እየሳቀ ሲያዳምጥ እኔ እበግናለሁ። ያኔ እርጉዝ ነበርኩና እንዳልደነግጥ ብሎ ደብቆኛል፤ የነገረኝ ልጃችን መራመድ ከጀመረች በኋላ ነው። ስሰማ አኮረፍኩት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። የእሱም መርሳት በሳቅ ነው የጀመረው። ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር ሲፈልግ አብረን ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን ከመሀል ከተማ፣ ከኢነንሽታት፣ ወደ ቤታችን፣ ወደ ፕሮይንገስሃይም መምጣት ሲገባው ዞሰንሃይም ሄደ። ከስንት ዘመን በፊት የለቀቅነው ቤት በር ላይ በቁልፉ ሲታገል አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አገኘችው። «አይዞሽ፣ እኔ ጋ ሻይ እየጠጣ ነው» ብላ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ግን አይዞሽ የሚል አልነበረም።

ልጃችን በጀርመንኛ ተቆጣችኝ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂው ብላ። «ቴርሚን እይዝለታለሁ አልኩሽ እኮ» አልኳት። ቀጠሮውን ግን አልያዝኩም። ዕድሜውን ሙሉ «ኢንጂነር» ተብሎ የተከበረን ሰው ገመና አደባባይ የማወጣ ሴት አይደለሁም። ስም ሲጠፋበት እኔ እነግረዋለሁ፤ መንገድ ሲጠፋበት ክንዱን እይዛለሁ። ሌሊት ግን ፍርሃቱ ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

በዚህ መሀል አንድ አዲስ ኩባንያ ያንን ሦስተኛ አውሮፕላን ሊሠራ ተነሣ። አንዲት ጀርመናዊት ወጣት መሐንዲስ ቤታችን ድረስ መጣች። የድሮው ኩባንያ ሲዘጋ ብዙ ወረቀት ጠፍቷል፤ እዚያ በረራ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያለውም እሱ ብቻ ነው። ከረባቱን አሠረ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ የድሮው ባሌ የተመለሰ መሰለኝ።

«ረዥሙ ሲሞከር መንቀጥቀጥ ታይቶበት ነበር?» አለችው።

«በጭራሽ» አላት። እኔን አየኝና ፈገግ አለ። «ጸጥ ያለ ነበር። ጭራው ምንም አያስፈልገውም።»

የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ። ልጅቷ ትጽፋለች። «ሻዩ የፈሰሰበት ቀንስ?» አልኩት በአማርኛ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

«የምን ሻይ?» አለኝ።

ልጅቷ ዕቃዋን ስትሰበስብ ደስ ብሏት ነበር። «አዲሱ ሲሞከር እኔም እንደ እርስዎ ከኋላ እቀመጣለሁ» አለችው። ልጄን ታክላለች። እሱ እጇን ጨብጦ «ምንም አይፈሩ» አላት።

በሩ ተዘጋ። ዝም ብል ማንም አያውቅብንም። ምን ልሁን? ደግሞ ያቺ ልጅ ጭራው ጋ ተቀምጣ ታየችኝ። ነጠላ ጫማዬን እንደተጫማሁ ወጥቼ ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

«የነገረሽን እንዳትሠሪበት» አልኳት። «ረዥሙ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባሌ ታሟል፤ ይረሳል።»

ታሟል የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የከዳሁት መሰለኝና እዚያው አለቀስኩ። ልጅቷ እጄን ይዛ ቆየች። ሁሉንም እንደገና እንለካዋለን፣ አመሰግናለሁ ብላኝ ወረደች።

ዓይኔን ጠርጌ ስገባ እንደተቀመጠ ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ለእኔ ተነሥቶ አያውቅም። ወንበር ስቦልኝ በጀርመንኛ፣ በዚያ በሥራ ቦታው ጀርመንኛ፣ «እንኳን ተመለሱ» አለኝ። እኔና እሱ ቤታችን ውስጥ በአማርኛ እንጂ በጀርመንኛ አውርተን አናውቅም። ተቀመጥኩ።

«ረዥሙ ይንቀጠቀጣል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጭራውን ሳያጠናክሩ እንዳይበሩ። ቅድም የካድኩት ባለቤቴ እዚህ ስለነበረች ነው። እርጉዝ ናት፣ ትደነግጥብኛለች። አደራ እንዳይነግሯት።»

«አልነግራትም» አልኩት፣ በጀርመንኛ።