ጋሼ ታፈሰና አምስተኛዋ በረከት

ጋሼ ታፈሰ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ኮለምበስ፣ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ከክሊቭላንድ አቬኑ እስከ ፒከሪንግተን የምታውቋቸው ሁሉ መርዶውን በስልክ ሰምታችኋል። በዚህ በኮሮና ዘመን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ መላቀስ እንኳ ስላልተቻለ፣ ይህን እጽፋለሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር የለም።

እኔ የሥራ ተማሪያቸው ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ መጋዘን ስቀጠር፣ ተሰባሪ ዕቃ ማሸግ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እጄ ዘገምተኛ ስለነበር አለቃው ሲያስጨንቀኝ፣ ራሳቸው ያሸጉትን ካርቶን ለእኔ እንዲቆጠርልኝ በእኔ ስካነር ያሳልፉልኝ ነበር። ላመሰግናቸው ስል ደግሞ ይቆጡኛል። «ዕቃ የሚሰበረው ስለወደቀ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው። ይልቅ ወረቀቱን ጠቅጥቂው!» ይሉኝ ነበር።

ስኒያቸውን የማያውቅ የለም። ከጎናቸው ቆማ ለዓመታት ያሸገች ሊን የምትባል ቻይናዊት፣ ጡረታ ስትወጣ በእጇ ሥላ የሰጠቻቸው ናት። ነጭ ፖርሴሊን ሆና ዙሪያዋን ቢጫ ኢናሜል የተቀባች፣ በላይዋ የኮክ ፍሬዎችና አምስት ቀያይ ወፎች ያሉባት ስኒ ነበረች። እኛ ብንሆን ቡፌ ውስጥ ቆልፈንባት ለእንግዳም አናወጣትም ነበር። እሳቸው በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይጠጡባታል።

አንድ ቀን «ወፎቹ ሲያምሩ!» ብላቸው ሳቁብኝ።

«የሌሊት ወፎች ናቸው እኮ፣ ልጄ።»

ደነገጥኩ። በእኛ አገር የሌሊት ወፍን ማን ስኒ ላይ ይሥላል? ሊን እንዳስረዳቻቸው ግን በእነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ናት፤ አምስቱ አምስት በረከቶች ናቸው። ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ ደግነት፣ አምስተኛዋ ደግሞ መልካም አሟሟት። ኮሮና ገብቶ ከሌሊት ወፍ መጣ ሲባል ባልደረቦቻችን «ጋሼ፣ በናትዎ ይቺን ነገር ትራሽ ያድርጓት!» ብለው ወተወቷቸው። እሳቸውም «ስኒ ያስነጥሳል እንዴ?» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አራቱን እግዜር እንደፈቀደ ያድርገው። አምስተኛዋን ግን አልለቅለትም። በሰው መሐል ልሙት፤ እጄን የሚይዝ ሰው አይጥፋ። አደራ!» አሉኝ። እኔም እየሳቅኩ «እሺ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ታመው ሲገቡ ሆስፒታሉ ማንንም አላስገባም፤ አንድ ልጃቸውን ሩትን እንኳ። አጥሚት ሠርቼ፣ ስኒዋን ከሥራ ሣጥናቸው አውጥቼ፣ እንዳስተማሩኝ ጠቅጥቄ አሽጌ በሩ ላይ ደረስኩ። ዘበኛው «ሶሪ፣ ማም» አለኝ። ብለምነው፣ ብለምነው «ሶሪ፣ ማም» ነው። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እሱም ታዛዥ ነው። አጥሚቱ መኪና ውስጥ ቀዘቀዘ።

መቼም እኛ ሐበሾች በሽተኛ ተኝቶ ቤታችን መቀመጥ አናውቅበትም። ረቡዕ ከሰዓት ተጠራርተን መጣን፤ መኪና ማቆሚያው በእኛ ሞላ። አንዱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃው የተከፈተ መስኮት አየና «ያ ነው!» አለ። ማን እንደነገረው የጠየቀ የለም። በዚያ ብርድ ቆመን እጃችንን አውለበለብን። ገሚሱ አማተበ፣ ገሚሱ ዱዓ አደረገ። ከመስኮቱ ኋላ አንድ ጥላ ንቅንቅ ሲል «አዩን! አዩን!» ብለን ተላቀስን።

ሩት ነርሷ ጋ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኢትስ ዘ ሮንግ ሳይድ» አለችኝ። «ዳዲ በዛ በኩል ነው፤ ሀይዌዩ ጋ።»

ሁላችንም ሮጥን። በዚያ በኩል አጥር ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መስኮቶቹ ሁሉ መጋረጃቸው ተዘግቷል። የትኛው የእሳቸው እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። ሲመሽ ተበተንን። በነጋታው ነርሷ ለሩት ደወለችላት። ለማን በሽተኛ ስናለቅስ እንደዋልን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ጋሼ ታፈሰ፣ አደራዎን አልተወጣሁም። ይቅር ይበሉኝ ማለቱም ያሳፍረኛል። አፈሩን ያቅልልልዎ። ግን «ሰው የለኝም» ብለው እንዳይሄዱብኝ ይህን ብቻ ይስሙኝ፤ መስኮቱን ተሳሳትን እንጂ፣ ጋሼ፣ ሁላችንም መጥተን ነበር።