በፍልሰታ የተናገርኩት ስም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። እስከ አራተኛ ክፍል ስማር የጻፍኩት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ያሰፈረውን ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አንገቴን እደፋለሁ። ስለዚህ ፊደሌ ቢጣመም፣ ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል፣ ታገሡኝ።

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ እሳቸው በነገሩ ውስጥ ነበሩበት። በየዓመቱ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ረቡዕ የቀመስኩትን ወተት ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። ዋናውን እየዘለሉ መናዘዝ ኑዛዜ ነው?

ሰፈራችን ከሰቆጣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አባቴ የደብራችን የማርያም ቄስ ነው። ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ክረምቱ ነው፤ በክረምቱም ውስጥ ፍልሰታ። ደመናው ወርዶ ደጃፋችን ላይ ይተኛል። አባቴ በጋቢው አንድ ጫፍ ይሸፍነኝና ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እርጥብ ጋቢ ይሸታል፣ እኔ ግን ሽታውን እወደው ነበር። ስቆርብ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ እቆማለሁ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ መጥቶ ጠበሉን ያጠጣኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ከአባቴ ትከሻ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሰኔ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት፤ እግሯ አብጧል፣ ትኩሳቱ ይመላለስባታል። አባቴ የለመናትን ሕፃን እመቤታችን ባዶ እጁን አትሰደውም አለኝ። እኔም በልቤ ተሳልኩ። አሥራ አምስቱንም ቀን እቆርባለሁ፣ እናቴም ትነሳለች። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አሥራ አንዱን ቀን ፈጸምኩ።

አሁን ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከባሏ ጋር ከደሃና መጥታ ከወንዙ ዳር ሰፈረች፤ ባሏ ሞተባትና ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጇን ይዛ ቀረች። የእሷን ጋን ያልገዛ ቤት አልነበረም። የማርያም ጠበል የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነበር። ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም። ቡዳ ናት ይላሉ። ልጆች ስታልፍ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ ትልልቆቹም ዕቃዋን ሲገዙ ዓይኗን አያዩም። ማንም አንቱ ብሏት አያውቅም።

እኔ ግን እወዳት ነበር። ከእኔ ጋር በአገራችን የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ታወራለች፣ ጭቃ ቆርሳ ትሰጠኛለች። አንድ ጊዜ የሠራሁትን ላም አይታ፣ «ይህች ላምሽ አምስት እግር አላት፤ አራጅ ይጣላባታል» ብላ እስኪያነባት ሳቀች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የእናቴ ማሰሮ ተሰበረና ሌላ እንዳመጣ ወደ ትርንጎ ቤት ተላክሁ። ስደርስ ዝናቡ ያዘኝ። ትርንጎ በሶ እያሸች ነበር፤ ለምታጠባት ልጅ ስትል ጾሟን ቀደም አድርጋ ትፈታለች። የተቆላው ገብስ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዓይኔን ከገበታው ላይ መንቀል አቃተኝ። አየችኝና ዛሬ ትቆርቢያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልቆርብም አልኳት።

ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። እሷ ጠይቃኛለች። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ቁርባኔ የተጠነቀቀች እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ነኝ የዋሸኋት። ከዚያ ሁለት ጭብጦ በሶ ሰጠችኝ፤ በላሁ። ጣፈጠኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ማሰሮውን ቤት አድርሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ለምን ሮጥኩ? ዛሬ አልችልም፣ አሞኛል ብል ማን ያስገድደኝ ነበር? ነገር ግን አንድ ቀን ከጎደለ ስለቴ ይፈርሳል፣ እናቴም ትሞታለች ብዬ አመንኩ። በልቼ ብቆርብም እሳት እንደምውጥ ተምሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ሆኜ ከተሰለፉት ልጆች ኋላ ቆምኩ። ከአጠገቤ ልጇን ያቀፈች ሴት፣ የቄስ ልጅ ምነው ዛሬ ኋላ ቀረች፣ አባቷ ቁርባኑን ቤት ድረስ ሊያመጣላት ነው እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ሰልፉ አጠረ። የአባቴን እጅ አየሁ። እዚያው ወደቅኩ።

ተሸክመው ወደ ደጀ ሰላሙ አወጡኝ። እዚያ የበላሁት ሁሉ መሬት ላይ ወጣ። ያቺ የቀለደችብኝ ሴት ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይህ በሶ አይደለም? ልትቆርብ አልነበረም እንዴ?» አለች።

እኔ የማስበው አባቴን ብቻ ነበር፤ ቅዳሴውን ጨርሶ ሲወጣ ይህን ይነግሩታል።

የንስሐ አባታችን መስቀልና ጠበል ይዘው መጡ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጫኑት፣ ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጩት፣ «ማን ነህ? ተናገር» አሉ። የለከፈኝን መጠየቃቸው ነው። በመቋሚያው ትከሻዬን መቱኝ። ደገሙኝ። ይህን በሌሎች ላይ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የተለከፈው ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም የያዘውን ሰው ስም ጠርቶ እኔ እገሌ ነኝ ይላል። ከዚያ በኋላ በታመመው ማንም አይፈርድበትም፤ እሱ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው የያዘው ነውና። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የተናገርኩት። የተንቀጠቀጥኩትም ራሴ ነኝ እንጂ ማንም አላንቀጠቀጠኝም።

«ትርንጎ ነኝ» አልኩ።

እንደ ትርንጎ ቆጥረው ልጅቷን የት እንደያዝኳት ጠየቁኝ። ቤቴ መጥታ አልኩ። ለምን ቢሉ፣ ልትቆርብ ስትል ቀንቼ በሶ በግድ አጎረስኳት አልኩ። እንዲህ አድርጌ በሶዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምናልባት ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ እል ነበር። አላቆምኩም። ከዚህ በፊትስ ማንን ይዘሻል ብለው ጠየቁኝ። ይህን ሲጠይቁኝ መቋሚያው መሬት ላይ ነበር። ማንም አልመታኝም። እኔ ግን የዚህችን ልጅ እናት አልኩ። እናቴ የምትድን መሰለኝ? ወይስ ሁሉም እኔን ሲሰሙኝ ደስ አለኝ? በሕይወቴ ሰው ዝም ብሎ ያዳመጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ ካሳ ከሰዉ መካከል ወጣ። በሐምሌ የሰባት ዓመት ወንድ ልጁን ቀብሯል። አጠገቤ ተንበረከከና ቀስ ብሎ፣ «የእኔንስ ልጅ?» አለኝ።

አዎ አልኩ።

አንድ ቃል ናት። እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለች።

ትርንጎን ከቤቷ ጎትተው አመጧት። ልጇ ጀርባዋ ላይ ነበረች። አንዲት ሴት ልጅቷን ፈታ ወሰደቻት፤ ለሕፃኗ አዝና ይሁን ዱላው እንዲመች ብላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ መቷት። በዱላ፣ በጫማ፣ በድንጋይ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት ነጠላ ለብሰው አቡነ ዘበሰማያት ያደረሱ። በጭቃው ላይ ስትንከባለል ጭቃውና ደሟ አንድ ሆኑ። ደረቴ ላይ ምራቋን እንትፍ እንድትል ራሷን ደፍቀው ያዟት፤ የያዘ ካልተፋ አይለቅም ይላሉ። የተፋችው ደም ነበር። ከቀሚሷ ቀደዱ፣ ከጠጉሯ በጎራዴ ቆረጡ፣ በገል ላይ አቃጥለው ጢሱን አሸተቱኝ። ገሉ የእሷው ጋን ስባሪ ነበር። እኔ አሸተትኩ፣ ሳልኩ፣ ለቀቅኳት አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አያ ካሳ ግን አልበቃውም። ቀኝ እጇን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመጥረቢያው ጀርባ መታው። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው አይደለም፣ ከዚያ የለሰለሰ ነው። ሁለተኛ ሲያነሳ አባቴ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ሮጦ ወጥቶ እጁን ያዘው። አባቴ ካለሁበት ሁለት ክንድ ያህል ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ይሰማኝ ነበር። አልተናገርኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትርንጎ አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። ልጄን ስጡኝ ብቻ ትል ነበር። ሰጧት። በግራ እጇ አቅፋ፣ በዚያው ዝናብ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ሳሩ ርሶ ስለነበር ቤቷ አልነድ አላቸው፤ በገመድ ስበው ጣሉት። ያልተተኮሱትን ማሰሮዎች ልጆች በእግራቸው ረገጧቸው። አንደኛዋ የአጎቴ ልጅ ነበረች፤ ማታ እየሳቀች ነገረችኝ።

እናቴ ዳነች። ጳጉሜን ሳይገባ ተነስታ እንጀራ በላች። ሰው ሁሉ አያችሁ አለ። ፍልሰታ ተፈትቶ የሻደይ ጨዋታ ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረዶች ወገቤን በሻደይ ሣር አስጊጠው ከፊት አስቀደሙኝ፣ እየጨፈርኩ ከቤት ቤት ዞርኩ። የንስሐ አባታችን በስብከታቸው ላይ ሰይጣን ከአፏ የተጋለጠባት ሕፃን እያሉ ጠቀሱኝ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። ይህን ሁሉ ተቀበልኩ። አንዱንም አልመለስኩም።

ከዚያ ወዲያ ሰቆጣ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ተማርኩ፣ ተዳርኩ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለፈው ፍልሰታ ባሌ ልጃችን ሦስት ዓመት ሞልቷታል፣ አቁርቢያት አለኝ። አቅፌያት ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ደረስኩ። ቅጥሩን ማለፍ አቃተኝ። ባሌ ምን ነካሽ አለኝ፤ ሆዴን አልኩት። ያም ውሸት ነው።

በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ ከአበርገሌ ከብት ነድተው የመጡ ነጋዴዎች እጇ የተሰበረ ሸክላ ሠሪ ጽጽቃ ገበያ ላይ እንዳለች ሲያወሩ ሰማሁ። ለባሌ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ የአህያ ነጋዴዎችን ተከትዬ ሁለት ቀን ሄድኩ። ከገበያው ጫፍ አገኘኋት። አርጅታለች። ቀኝ እጇ ወደ ውስጥ ተጣሟል፤ ማሰሮውን በክንዷ ደግፋ በግራዋ ታገላብጣለች። ልጇ አጠገቧ ቆማ ዋጋ ትከራከራለች፣ አንዲት ሴት ዋጋ ስትሰብርባት በዚህ ዋጋ ቅል ግዢ እያለች ትመልሳለች።

የወንዝ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ እንደ ይቅርታ ደንቡ፣ እግሯ ሥር ተደፋሁ። ገበያተኛው ቆሞ አየን። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልችለዋ በኽምጣኛ ሁሉንም ተናገርኩ። አልቆርብም ማለቴን፣ ሁለቱን ጭብጦ፣ ስሟን እንዴት እንደጠራሁ፣ ለአያ ካሳ አዎ ማለቴን። አንቱ እያልኩ ነበር የምናገረው። ልጇ ማሰሮ እንደያዘች ቀረች።

ትርንጎ ድንጋዩን በግራ እጇ ከአንገቴ አንስታ ከጎኗ አስቀመጠችው። እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። እሰይ አለች። ይቅር ይበሉኝ አልኳት፤ በክንዷ የደገፈችውን ማሰሮ አገላበጠች። ደግሜ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

ልጅ ነበርኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰረዝኩት። ርቦኝ ነበር ብዬም ልጽፍ ነበር። ርቦኝ የበላሁትን ሰጥታኛለች፤ ስሟን ያወጣሁት ጠግቤ ነው። አያ ካሳ ሞቷል፣ ልጁን ትርንጎ እንደገደለችበት እያመነ ሞተ። እናንተ የደብራችን ሰዎች ግን ብዙዎቻችሁ በሕይወት አላችሁ፤ ይህ ወረቀት ከሰንበቴው ላይ ይነበብላችሁ ዘንድ ለአባቴ ልኬዋለሁ። በእኔ ላይ የምትፈርዱትን ፍረዱ።

ትርንጎ ስነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ምንም እንዳላደረግኩ አውቃለሁ። ይህን ልትነግሪኝ ሁለት ቀን መምጣት አያስፈልግሽም ነበር። የማያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው።»