ዓይናማውና አዲሱ ሚዛን

የጭነት መኪና ሹፌሮች «ዓይናማው» ይሉታል፤ እሱም ይህን ስም እንደ ሹመት ተሸክሞት ኖሯል። ሥራው ሚዛን ጣቢያው በር ላይ መቆም ነው። መኪና ሁሉ ይመዘን ቢባል ሰልፉ መንገዱን ስለሚዘጋው፣ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዎችን ያያል። ከጭነት ብዛት የጎማው ጎን ያበጠበትን መኪና ወደ ሚዛኑ ይልካል፤ ጎማው ቀጥ ያለውን «እለፍ!» ይላል። «እኔን የሚሸውድ ሹፌር ገና አልተወለደም» እያለ ጉራውን ሲነዛም የሚቃወመው አልነበረም። ማን ይቃወመዋል? ጉዳዩ የተመቸው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቅለታል።

አማቹ፣ የሴት ልጁ ባል፣ ሥራ ፈቶ በተቀመጠ ጊዜ፣ ከጣቢያው በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ጎማ ቤት እንዲከፍት የመከረው እሱ ነው። ቤቱ ሳይውል ሳያድር ገበያው ደራለት። በየሄደበት «ምክሬን ሰምቶ ሰው ሆነ» እያለ ያወራ ነበር።

ከዚያ አዲሱ ሚዛን መጣ። አስፋልቱ ውስጥ ተቀብሮ መኪናው ሳይቆም ይመዝናል፤ ሰልፍ የለ፣ መራጭ የለ። የመጀመሪያው ቀን፣ ለክብሩ ሲባል፣ ሚዛኑን ከምትቆጣጠረው ልጅ አጠገብ አስቀመጡት። አንድ መኪና ብቅ አለ። ጎማዎቹን አይቶ «ይሄስ ባዶ ነው» አለ። ቀይ መብራት በራ። ሁለተኛውንም «ንጹሕ ነው» አለ፤ ቀይ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አስተያየቱን መጠየቅ ተወች፤ አሳዘናት መሰለኝ።

ትርፍ ጭነቱን እንዲያራግፍ የታዘዘው ሹፌር ግን አላዘነለትም፤ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው? አማችዎ ጋ ጎማዬን በደንብ አስነፍቼ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ምንም ቢጫንበት ጎኑ አያብጥም። ዓይናማው ይህን ያኔ ተረዳ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በምሳ ሰዓት እየከነፈ ጎማ ቤቱ ደረሰ። ሴት ልጁ የአየር ቱቦውን ለባሏ እያቀበለች ነበር።

«ሹፌሮቹ እዚህ ጎማ የሚያስነፉት እኔን ለማታለል ነው?» አለ።

አማቹ አቀረቀረ። ልጁ ግን ግራ ገባት።

«ምን ማለትህ ነው አባዬ? ቦታውን የመረጥክልን አንተ አይደለህ? አስበህልን ነው ብለን ስንመርቅህ ነው የኖርነው!»

ጉቦ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። «አላወቅሁም» ቢል እውነት ነበር። ነገር ግን ልጁ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ በዚያ ዓይን ፊት ጅል ሆኖ መቆም ከበደው።

«ስቀልድ ነው እንጂ» አለ። «አውቅ ነበር።»

ልጁ እፎይ ብላ ሳቀች፤ ባሏም ቀና አለ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከጅልነት ሌብነትን መምረጡ እያንገበገበው፣ ወደ ጣቢያው የተመለሰው መሬት መሬት እያየ ነው።