አባቴ ያልከፈተው ኬላ

ባለፈው ሰኔ፣ ነቀምቴ ውስጥ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ቤቴ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመ። የነቀምቴ መግቢያ ለጥገና ተቆፍሯል። አንዲት ወጣት ቀይ ባንዲራ ይዛ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ተሳፋሪው ስልኩን እየነካካ ያማርራል፤ ሹፌሩ በየአምስት ደቂቃው ክላክስ ያሰማል። እኔ ግን ዓይኔን ከባንዲራው እንጨት ላይ ማንሳት አቃተኝ፤ የተወለድሁትም ያደግሁትም መንገድ ከሚዘጋ ሰው ቤት ነውና።

የእኔ ዘመን ሰዎች የዝናብ ኬላን አይረሱትም። ያኔ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ብቻ ነበር። በእርጥብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ካለፈ መንገዱ ለሳምንታት ስለሚበላሽ፣ ረግረግ በሆነው ቦታ ሁሉ እስኪጠነፍፍ ድረስ ግንድ ይጋደም ነበር። አባቴ ኦቦ ጉተማ ከሲሬ ወጣ ብሎ የሚገኝ የአንዱ ረግረግ ኬላ ጠባቂ ነበር። ኬላው ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን፣ በወፍራም ጫፉ ድንጋይ ታስሮበታል። ቤታችን ከግንዱ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። የእርጥብ ባሕር ዛፍና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ዛሬም ክረምት የገባ ይመስለኛል።

የአባቴ መለኪያ ተረከዙ ነበር። ቦት ጫማውን መሐል መንገድ ላይ ይተክልና፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት አንድ ጊዜ ዞሮ እግሩን ያነሳል። ዱካው ውኃ ከቋጠረ ኬላው ተዘግቶ ይውላል፤ ጠርዙ ሳይፈርስ ደርቆ ከቆየ ይከፈታል። ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ሰርገኛ ቢመጣ፣ ተረከዙ ያው ነው። በዚህ የተነሳ ቶሌራ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ «የግንዱ ወንድም» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የምንወስደው ነቀምቴ ነበር። ሰኞ ጠዋት ያልተገኘ ዓመቱን ይደግማል። ስለዚህ እሑድ ከቀትር በኋላ ሃያ ያህል ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር ከሲሬ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጠዋቱን ሲዘንብ አርፍዷል። ኬላው ዘንድ ስንደርስ ግንዱ ተጋድሟል፤ አባቴም ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል።

ሹፌሩ የሸዋ ሰው ቢሆንም መለመን ሲያምረው በኦሮምኛ ይጀምራል። «ማሎ፣ ኦቦ ጉተማ! የያዝሁት ጤፍ አይደለም እኮ፣ ተፈታኝ ነው። የእርስዎም ልጅ እዚሁ አለ።»

አባቴ ወደ መንገዱ ወረደ፤ ተረከዙን ተክሎ ዞረና አነሳው። ዱካውን ወዲያው ውኃ ሞላው።

«ሂንታኡ፣ አይሆንም» አለ።

እየሮጥሁ ወርጄ «አባ፣ ፈተናው እኮ ነገ ጠዋት ነው» አልሁት።

«መቼ እንደሆነ ካንተ በፊት አውቃለሁ።»

ቶሌራ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኦቦ ጉተማ ከሁለቱ ልጆቻቸው ግንዱን መረጡ!» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። በዚያች ሰዓት አባቴን ጠላሁት።

ረግረጉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማዶው ጫፍ ሌላ ግንድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከነቀምቴ የመጣ አውቶቡስ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። አባቴ ወደዚያ ሲመለከት ቆየና «መኪና አያልፍም፤ ሰው ግን ያልፋል። የማዶው ሰው ወዲህ ይምጣ፣ የዚህ ወዲያ ይሂድ። አውቶቡሶቹ በመጡበት ይመለሱ» አለ።

«የእኔ ቤት ነቀምቴ ነው! የት ልደር?» አለ ሹፌሩ።

«ሰዎቹን ሲሬ አድርሰህ እኔ ጋ ታድራለህ። የልጄ አልጋ ባዶ ነው።»

ሹፌሩ ሳይወድ ሳቀ። አባቴ ማዶ ተሻግሮ ያኛውንም ሹፌር አሳምኖ ተመለሰ። ከዚያ የሁላችንንም የፈተና መግቢያ ወረቀት ሰብስቦ በካፖርቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ያዘና «ኢጆሌ፣ ጫማችሁን አውልቁ፤ እኔ የረገጥሁትን ብቻ ርገጡ» አለ። እግሯን የሚያማትን የክፍላችንን ልጅ ጫልቱን አዝሎ ከፊት ሄደ። መሐሉ ላይ ከማዶ የሚመጡት ተሳፋሪዎች ሲተላለፉን፣ ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት «ወንበሩን አሙቄላችኋለሁ፣ ልጆቼ» አሉን። ወዲያው እኔ አዳለጠኝና እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። አባቴ ሳይመለስ «ተነስ፤ ወረቀትህ ደረቅ ነው» አለኝ።

ማዶ እንደደረስን ወረቀቶቹን በየስማችን እየጠራ አደለን። የእኔን በመጨረሻ ሰጠኝ። ተቀበልሁት፤ ሳልሰናበተውም አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

ጭቃ በደረቀበት ሱሪ ተፈተንሁ። ረቡዕ ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ነቀምቴ አጠገብ ያለው ኬላ ጠባቂ በልመና ተሸንፎ ከፍቶ ኖሮ፣ በታረሰው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። የአባቴ ረግረግ ዘንድ ስንደርስ ግን ግንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መንገዱም እንደተተኮሰ ጨርቅ ለጥ ብሏል።

«ወንድምህ ተነስቶ ተቀበለህ» አለኝ ቶሌራ።

ወረድሁ። አባቴ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና «ሱሪህ ደረቀ?» አለኝ።

«ደረቀ።»

«አልጋህን ሹፌሩ አጎድጉዶታል» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ፈተናውን አለፍሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ከእርሱ ጋር ግን ስለዚያ ቀን እስኪሞት ድረስ አልተነጋገርንም።

የዱሮውን አላሞግስም፤ እግሯን የሚያማት ልጅ ታዝላ የምታልፍበት መንገድ ደግ መንገድ አልነበረም። የዛሬው አስፋልት ነው፤ ጥገናውም በማሽን ነው። ነገር ግን በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን የአንዳችንን ስም አንዳችን አላወቅንም፤ መንገዱ የተዘጋበትን ምክንያት የጠየቀም አልነበረም። ከኋላ ያለ ወጣት ልጅቷን «አንቺ፣ ጨርቅሽን እጠፊውና አሳልፊን!» እያለ ሲጮህ፣ ምርኩዜን ይዤ ወረድሁ። አዲስ በተደለደለው አፈር ጠርዝ ላይ ተረከዜን ተክዬ ዞርሁ። ውኃ ሞላው።

«ሂንታኡ» አልሁ ተመልሼ።

«አባባ፣ መሐንዲስ ነዎት እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«የኬላ ጠባቂ ልጅ ነኝ።»

ተሽከርካሪ ማለፍ ሲጀምር ልጅቷ ዘንድ ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብዬ አመሰገንኋት። ግራ ገባት።

«ምን አድርጌ ነው፣ አባባ?»

«ስላልከፈትሽ» አልኋት።