የባለቤቴ የውትድርና ፎቶ

«እማማ፣ የአባባ የውትድርና ፎቶ የታለ?» አለችኝ የልጅ ልጄ ዛሬ ጠዋት። የባለቤቴ አርባ ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ልትሰቅለው ነው።

የለም። መንግሥት ሲለወጥ፣ እሱ ገና ከግንባር ሳይመለስ፣ ቤታችን ይፈተሻል ብዬ ፈርቼ ከነዩኒፎርሙ አቃጠልኩት።

ሲመለስ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ።

ዛሬ ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት።

«እንዴ! አባባ እኮ ‹ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት› ነው ያለኝ። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ስንቴ ጠይቄዋለሁ!»

በመጨረሻ የሰቀልነው 18 ማዞሪያ ላይ የእሷን ሮዝ ቦርሳ አንግቶ የተነሳውን ነው። (አስር አለቃ አይመስልም።)

ጥፋታችሁን በራሱ ላይ አድርጎ ያለፈ ሰው አላችሁ? ጻፉልኝ። ማንበብ የተማርኩት በራሴ ስለሆነ ቀስ እላለሁ እንጂ ሁሉንም አነባለሁ።