በወረቀት የባሌ እህት

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ የሚሠሩ፣ ፎርም የሚሞሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። የፍቺ ክሴን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለፍርድ ቤት ግን አላመንኩትም። ፈርሜ አስገባሁ። በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅጂውን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ የቀድሞ ስምሽ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ ይላል። መልሱ «አልፈልግም»።

ማን ጠይቆኝ?

ዜግነት ስንወስድ ባሌ «እዚህ አገር ባልና ሚስት አንድ ስም ነው» ብሎ የአባቴን ስም አስወጥቶ የአባቱን አስገባብኝ። በእኛ ደንብ ደግሞ የአንድ አባት ስም ያላቸው ሰዎች ወንድምና እህት ናቸው። እንግዲህ ስንት ዘመን በወረቀት የባሌ እህት ሆኜ ኖርኩ! ያኔ ስቄ አለፍኩት። ትዳሩ ሲሄድ ግን ስሙ ለምን ይቀራል?

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። እኔም ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከጎረቤት ልጆች ደብተር ላይ እያየሁ ፊደል ለየሁና ከራሴ ስም ቀጥሎ የእሱን ጻፍኩ። ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ «ይኼ እኔ ነኝ?» አለኝ። ያንን ነው ፎርም የሞሉልኝ ሰውዬ ያጠፉብኝ።

ሄድኩባቸው። «ጋሼ፣ ሳይጠይቁኝ አልፈልግም ትላለች አሉ?»

«ልጄ፣ ስም መቀየር ራስ ምታት ነው። ላይሰንሱ፣ ፓስፖርቱ፣ ባንኩ... ላንቺው አስቤ ነው።»

«ለእኔ አስበው አባቴን ሰረዙት?»

«ኧረ በስመ አብ! አንዲት ሳጥን ነው ቼክ ያደረግኩት። አሁንማ ገብቷል፣ አለቀ።»

አመንኳቸው፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በማግስቱ አረጋውያን በምንጦርበት ሥራዬ ላይ አንሶላ እየቀየርኩ ስነጫነጭ፣ አብራኝ የምትሠራው ህንዳዊት ሰማችኝ። እሷ አገሯ እያለች በሂንዱ የጋብቻ ሕግ የተፋታች ናት። «ማነው አለቀ ያለሽ?» አለችኝ። «እኔ ክሴን ሁለት ጊዜ አሻሽያለሁ። የዚህንም አገር ሕግ ሂጂና ጠይቂ እንጂ!»

ሮክቪል ፍርድ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ለካ ይሻሻላል! አዲሱን ክስ ከአንድ ሌላ ቅጂ ጋር አምጪ አሉኝ፤ በቅጂው ላይ የተሰረዘው ቃል መሃሉን ተሰምሮበት፣ አዲሱ ደግሞ ከሥሩ ተሰምሮበት እንዲታይ። «አልፈልግም» የሚለውን በማስመሪያ ራሴ ሰረዝኩት። አንጀቴ ራሰ።

ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባሌ ወደሚኖርበት አሌክሳንድሪያ ለመድረስ ትራፊክ አይዘውም። ገና ሳላስገባው ባሌ ኮል አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የአባቴ ስም ከበደሽ?»

«ምን ይከብደኛል፤ ያንተ ነው፣ ውሰደው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እህቱን ፈታ ይበል!»

ዘጋብኝ። ልጃችን ከሶፋው ላይ ቀና ብላ «ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ላስት ኔም» አለች፤ የአባት ስም ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። እሷ ላይ እንኳ ጮህኩባት።

የተሻሻለውን ክስ ባስገባሁበት ቀን መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ «እዚሁ ፈርሚ» አለችኝ። ጀመርኩ። «ቆይ፣ ቆይ! ፋይሉ ላይ ባለው ስም ነው። የጠየቅሽው ስም ያንቺ የሚሆነው ዳኛው ሲፈቅዱ ነው።» የአባቴን ስም ለማስመለስ በባሌ አባት ስም ፈርሚ! እጄ ግን ቀድሞኝ የአባቴን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎ ነበር። ሌላ ገጽ አትማ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ ያን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍኩት። ማህተሙን መታች። ያበላሸሁትን ገጽ ልትጥለው ስትል «እሱን ለእኔ!» ብዬ ከእጇ ነጠቅኳት።

ዳኛው ስሜን መለሱልኝ። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ ዛሬም በዚያ ታክስ ቤት በር ሳልፍ፣ ጋሼ ከውስጥ እጃቸውን ቢያነሱልኝ፣ ፊቴን አዞራለሁ።